ተከላካይ ሆኖ መኖር ይቻላል ወይ? ከድሬዳዋ የተነሣ ጥያቄና የተከተሉት ምላሾች

በአንድ የኢንተርኔት መወያያ መድረክ ላይ በተከፈተ የውይይት ክር ራስ ላይ ያለውን ጥያቄ የጻፈችው በድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ልብስ የምትሸጥ ሴት ናት። ወላጆቻቸው ካረፉ ወዲህ ታናሽ ወንድሟን ያሳደገችው እርሷ ናት። ልጁ 17 ዓመቱ ነው፤ 11ኛ ክፍል ይማራል፤ በሠፈሩ የታዳጊዎች ማሠልጠኛ ፕሮጀክት ውስጥ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የመሃል ተከላካይ ሆኖ አድጓል። አሁን በሌላ ከተማ ያለ አንድ የከፍተኛ ሊግ (ከፕሪሚየር ሊግ ቀጥሎ ያለው እርከን) ክለብ የሦስት ዓመት ውል አቅርቦለታል፤ ትምህርቱን በዓመቱ አጋማሽ አቋርጦ በአንድ ሳምንት ውስጥ እንዲመጣም ተነግሮታል። የክለቡ አሰልጣኝ ደግሞ ቁመቱ ለመሃል ስለማይበቃ ወደ ቀኝ መስመር ሊያወጣው አስቧል፤ ልጁም በዚህ ተከፍቷል። እኅቱ የምትጠይቀው ተከላካይ ሆኖ መኖር ይቻል እንደሆነ ነው። አጥቂ ሲሸለምና ሲሸጥ ትሰማለች፤ የተከላካይ ስም ግን የሚነሣው ሲሳሳት ብቻ ይመስላታል። ስንት ዓመት ይጫወታል? ጉልበቱ ሲደክምስ ምን ይበላል?

እኔ ለብዙ ዓመታት በፋብሪካ ቡድኖች ውስጥ በተከላካይነት ስለተጫወትኩ ጥያቄዋ ልቤን ነክቶታል። ከምላሾቹ መካከል ፍሬ ያላቸው ብዙ ናቸው፤ ሰው የሚያስቀይሙም አሉ። በተራ ቁጥራቸው እየተከተልኩ አቀርባቸዋለሁ፤ ሰላምታና ምርቃት ብቻ የያዙትን እዘላለሁ።

ምላሽ 1 የእንኳን ደስ ያላችሁ መልእክት ነበር። ጸሐፊው ጥሩ ተከላካይ በአገሩ ሁሉ እየታጣ መሆኑን ጠቅሶ ልጁ ሥራ እንደማይቸግረው ያምናል።

ምላሽ 2 ከሳቢያን የጻፉ የስፖርት መምህር ናቸው። ጽሑፋቸው ረጅምና ጨዋ ነው። አጥቂ የሚኖረው በፍጥነቱ እንደሆነ፣ ፍጥነት ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ እንደሚከዳ፣ ተከላካይ ግን ጨዋታን በማንበብ ስለሚኖር ራሱን ከጠበቀ ዕድሜው እንደሚረዝም ያስረዳሉ። ምስክር ያደረጉት ጣሊያናዊውን ተከላካይ ፓውሎ ማልዲኒን ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 በ16 ዓመቱ ለሚላን ተሰለፈ፤ እስከ 2009 በዚያው ክለብ ቆይቶ 902 ጨዋታዎችን አደረገ፤ የአውሮፓን የክለቦች ዋንጫ አምስት ጊዜ አነሣ። ጫማውን ሲሰቅል 41 ዓመት ሊሞላው አንድ ወር እንኳ አልቀረውም ነበር። መምህሩ ያላነሡት ነገር አለ፦ ማልዲኒ የጀመረው በመስመር ነው፤ ወደ መሃል የገባው እግሩ ሲከብድና ዓይኑ ሲበስል ነው። ስለዚህ አሰልጣኙ ልጁን ወደ መስመር ማውጣቱ እንደ ውርደት መታየት የለበትም። በወጣትነት መስመር ላይ መሮጥ፣ ሲበስሉ መሃል ገብቶ ሌላውን ማዘዝ ብዙ ተከላካዮች የሄዱበት መንገድ ነው።

ምላሽ 3 ላይ ድምፁ ተቀየረ። ጸሐፊው ራሱ ተጫዋች የነበረ ሰው ነው። የድሬዳዋን ልጅ ከማልዲኒ ጋር ማነጻጸርን የቀን ሕልም ብሎታል። እዚህ አገር አብዛኞቹ ክለቦች የሚኖሩት ከከተማ አስተዳደር፣ ከባንክ ወይም ከሌላ መንግሥታዊ ድርጅት በሚሰጥ በጀት ነው፤ በጀቱ ሲዘገይ ደመወዙም አብሮ ይዘገያል። እርሱ የተጫወተበት ክለብ ለወራት ሳይከፍለው ቆይቶ በመጨረሻ ያለ ደብዳቤ አሰናብቶታል፤ ስሙን አልጠቀሰም፣ እኔም አልጠየቅኩትም። እ.ኤ.አ. በ2019 የተጫዋቾች ከፍተኛ የወር ደመወዝ 50,000 ብር እንዲሆን የተወሰነበትን ጊዜም አስታውሷል። ያ ጣሪያ ነበር፤ ጣሪያውን የሚነኩት ደግሞ ጥቂቶች ስለሆኑ ከታች ያለውን ጠይቁ ይላል። ምሬቱ እውነተኛ ነው፤ መምህሩን የተናገረበት አነጋገር ግን አልተገባቸውም።

መምህሩ በምላሽ 4 አልተቆጡም። የማልዲኒን ደመወዝ ሳይሆን የማልዲኒን የሥራ ዕድሜ እንዳነሡ ገልጸው፣ ዘግይቶ ለሚከፈለው ሰው ዕድሜውን ማርዘም ይበልጥ እንጂ ያነሰ እንደማያስፈልገው መልሰዋል። ይህን ነጥብ እጋራለሁ። አጥቂ በአንድ ጥሩ ዓመት ኑሮውን ሊቀይር ይችላል። ተከላካይ ግን በአንድ ዓመት ስም አያገኝም፤ የሚታመነው ለዓመታት ተሰልፎ፣ ሳይጎዳና ሳይቀጣ ሲቆይ ነው። ስለዚህ ውል ሲፈርም፣ ጉልበቱን ሲያሳክም፣ ትምህርቱን ሲያቋርጥ ወይም ሲቀጥል ሁሉንም በዚያ ርዝመት መመዘን አለበት። እኅቱ ስለ ኳስ አላውቅም ብትልም ስንት ዓመት ብላ መጠየቋ ከብዙዎቻችን የተሻለ ጥያቄ ነው።

ቀጥሎ ክሩ ወደ ቁመት ዞረ። ምላሽ 5 ፋቢዮ ካናቫሮን አመጣ። ቁመቱ 1.76 ሜትር ገደማ ነው፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2006 ጣሊያንን በአምበልነት መርቶ የዓለም ዋንጫን አነሣ፣ በዚያው ዓመትም የወርቅ ኳስ ተሸለመ። ጸሐፊው ካናቫሮ ሽልማቱን የወሰደ የመጀመሪያው ተከላካይ እንደሆነ ጨምሮ ነበር፤ ምላሽ 6 ግን አረመው፦ ፍራንዝ ቤከንባወር በ1972 እና በ1976፣ ማቲያስ ሳመር በ1996 ቀድመውታል። ምላሽ 7 እርማቱን ተቀብሎ ዋናው ነገር የዝላይ ሰዓት መሆኑን አስረዳ። አጭር ተከላካይ አጥቂው ሳይነሣ መነሣት አለበት፤ ኳሱ ከአሻጋሪው እግር ሳይለቅ የት እንደሚወድቅ ማወቅ አለበት። ትክክል ነው። ነገር ግን የማዕዘን ምት ሲሻማ ቁመት ቁመት ነው፤ ካናቫሮ ቻለ ብሎ ሁሉም ይችላል ማለት ልጁን ማታለል ነው። በዝላይ ሰዓት የሚካካሰው የተወሰነው ነው፤ የቀረውን አሰልጣኝ በአሰላለፍ ያስተካክለዋል።

ምላሽ 8 ከሐረር የጻፉ እናት ናቸው፤ ከክሩ ሁሉ እኔን ያሳመመኝ ይህ ነው። ልጃቸው ግራ ተመላላሽ (የግራ መስመር ተከላካይ) ነበር። ጉልበቱ ውስጥ የሆነ ነገር ሲበጠስ ድምፁን ራሱ ሰማው። ክለቡ ግን በረዶ አስይዞና አሳሽቶ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ መልሶ አሰለፈው፤ ሁለተኛው ውድቀት የመጨረሻው ሆነ። ለእኅቲቱ የሰጡት ምክር አጭር ነው፦ ስለ ደመወዙ ከመጠየቅሽ በፊት ቡድኑ የሠለጠነ ወጌሻ እንዳለው፣ ቀዶ ሕክምና ቢያስፈልግ ማን እንደሚከፍል ጠይቂ። ክለቡን አልጠሩም። በሥሩ የተጻፉት መጽናኛዎች ብዙ ናቸው፤ እኔም አንዱን ጽፌያለሁ።

ከዚያ ምላሽ 10 መጣ፤ በጎ አሳቢ ይመስላል፣ ነገር ግን አደገኛ ነው። የጣሊያኑ ተከላካይ ፍራንኮ ባሬሲ እ.ኤ.አ. በ1994ቱ የዓለም ዋንጫ በምድብ ጨዋታ ጉልበቱ ተጎድቶ፣ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት፣ አንድ ወር ሳይሞላው ተመልሶ በፍጻሜው ብራዚልን ገጥሟልና ልብ ያለው ሰው ጉልበት አይበግረውም ይላል። ምላሽ 11 የአንድ ወጌሻ ነው፤ በቁጣ የተጻፈ ነው፣ ቁጣውም ተገቢ ነው። ባሬሲ የተጎዳው ሜኒስከሱ (በጉልበት አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ መሳይ ልም አጥንት) ነው፤ የሐረሯ እናት የሚያወሩት ግን የሚመስለው የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት መበጠስን ነው፤ ሁለቱን ማምታታት የስንቱን ልጅ ጉልበት እንደጨረሰ ጽፏል። መስቀለኛው ጅማት ከቀዶ ሕክምና በኋላ ወደ ዘጠኝ ወር የሚጠጋ ጊዜ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ቨርጂል ቫን ዳይክ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2020 ከኤቨርተን ጋር ሲጫወት ይህ ደርሶበት ሊቨርፑል የዚያን የውድድር ዘመን ቀሪ ጨዋታ ሁሉ ያለ እርሱ ነው የጨረሰው። ዓለም ላይ ካሉት ምርጥ ሐኪሞች ጋር ያን ያህል ከቆየ፣ በበረዶና በማሸት በሳምንታት መመለስ እንዴት ይታሰባል? ወጌሻው ፊፋ ያዘጋጀውን ፊፋ 11 ፕላስ የተባለውን የማሟሟቂያ መርሐ ግብርም አስተዋውቋል። ሃያ ደቂቃ ገደማ ይወስዳል፣ ብዙ ዕቃ አይፈልግም፣ የሰውነትን መሃልና የጭን ጡንቻን ያጠነክራል፤ በጥናትም ጉዳትን እንደሚቀንስ ታይቷል። ይህን ምላሽ ለሠፈሬ ልጆች አሰልጣኝ አስነብቤዋለሁ።

ከምላሽ 13 ጀምሮ ጨዋታው ወደ አሸዋ ወረደ። ከለገሀሬ የጻፉ ጋሼ የዱሮ ተከላካዮች እግር የጠነከረው ውኃ በሌለበት ወቅት በደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ በባዶ እግር በመጫወት እንደሆነ ያምናሉ። አሸዋ ቁርጭምጭሚትን ያጠነክራል፤ ሸርተቴ መግባትንም ያለ ፍርሃት ያስተምራል፣ ምክንያቱም መውደቅ አያምም። ምላሽ 14 በትሕትና ተቃወማቸው፤ የዛሬ ልጆች የሚጫወቱት በሰው ሠራሽ ሣር ላይ ነው፣ በዚያ ላይ በእኛ ፀሐይ ሸርተቴ የገባ ልጅ የጭኑን ቆዳ ትቶ ይነሣል። ሰው ሠራሽ ሣር ከተፈጥሮ ሣር በብዙ ይግላል፤ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ባለች በድሬዳዋ ሙቀት ደግሞ ታኬታው ራሱ እግር ያቃጥላል። ስለዚህ ልጆቹ ተንሸራትቶ ከመንጠቅ ቆሞ መከላከልን ይማሩ ይላል። ጋሼ በምላሽ 15 ፈራ ማለት ነው ብለው አልፈውታል። እኔ ከምላሽ 14 ጋር ነኝ። በእግሩ የቆመ ተከላካይ ሁለተኛ ዕድል አለው፤ የወደቀ የለውም። ሸርተቴ የመጨረሻ መሣሪያ ነው፤ አዘውትሮ የሚጠቀምበት ብዙውን ጊዜ አቋቋሙን ቀድሞ የተሳሳተ ነው።

ምላሽ 16 ከሐረር ነው፤ እዚህ ላይ ነገሩ ጦፈ። ጸሐፊው ድሬዎች ኳስ ሲያንከባልሉ ማየት ደስ እንደሚል አምኖ፣ የመከላከል ባሕል ግን እንደሌላቸው፣ ከደንገጎ ዳገት በላይ፣ በሐረር በኩል ያለው ልጅ ግን ትዕግሥተኛ ስለሆነ ተከላካይነት እንደሚስማማው ጽፏል። ሁለቱ ከተሞች በመኪና አንድ ሰዓት ትንሽ በሚያልፍ መንገድ ላይ ያሉ፣ የሚጋቡና የሚነግዱ ሕዝቦች ናቸው፤ ሆኖም በዚህ አንድ ዐረፍተ ነገር ላይ አራት ምላሾች ወረዱበት። ምላሽ 17 ስድብ ስለነበረበት የመድረኩ ኃላፊ አነሣው። ምላሽ 18 ግን ማስረጃ ይዞ መጣ። በድሬዳዋ ጥጥ ፋብሪካ ስም ይጫወት የነበረው ቡድን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ የኢትዮጵያን ሻምፒዮና ደጋግሞ አንሥቷል፤ በመጀመሪያው የአፍሪካ ክለቦች ሻምፒዮና፣ እ.ኤ.አ. በ1964/65፣ ከመጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች አንዱ ሆኖ አክራ ላይ በማሊው ስታድ ማሊያን ተሸንፎ ነው የቀረው። ለዚያ የደረሰ ቡድን ያለ ተከላካይ አልደረሰም።

ምላሽ 19 ቀጥሎ ያነሣው ጥያቄ ደግሞ የዚህ ክር አንጓ ነው ብዬ አስባለሁ። ከዚያ ቡድን ሁሉም ሰው የሚያስታውሰው ሉቻኖ ቫሳሎን ነው፤ በጥር 1954 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1962) የአፍሪካ ዋንጫን በብሔራዊ ቡድኑ አምበልነት ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው እርሱ ነው። በፍጻሜው ግብፅን 4 ለ 2 ስናሸንፍ ያስቆጠሩት ወንድሙ ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁም አይረሱም። ግብፅ ሁለት ጊዜ እየመራች ነበር፤ በተጨማሪው ሰዓት ግን አንድም አላገባችም። በዚያ ሠላሳ ደቂቃ በሩን የዘጉት እነማን ናቸው? ለዚህ ለብዙ ሰዓታት መልስ አልተገኘም። በመጨረሻ ምላሽ 21 ከግብ ጠባቂው ከጊላሚካኤል ተክለማርያም ፊት ክፍሎም አርአያና አስመላሽ በርሄ እንደነበሩ ጻፈ። ከብዙ አንባቢ መካከል አንድ ሰው ብቻ ማወቁ አሳዝኖኛል። ልጆቻችንን ተከላካይ ሁኑ እያልን ስማቸውን የማናውቅ ከሆነ፣ የእኅቲቱ ፍርሃት መሠረት አለው ማለት ነው።

የከተማው ሽማግሌዎች ከዚህ በኋላ ተነሡ። ምላሽ 22 በ1968 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1976) የተደረገውን የአፍሪካ ዋንጫ በድሬዳዋ ስታዲየም እንዳዩ ጽፈው ካሜሩን መጥታ እንደነበር አስታወሱ። ምላሽ 23 በአክብሮት አረማቸው፤ ወደ ድሬ የመጣው ምድብ ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ሱዳንና ዛየር (የዛሬዋ ዲሞክራቲክ ኮንጎ) ነበሩ። ዛየር የወቅቱ የአፍሪካ ሻምፒዮን ሆና፣ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎም የዓለም ዋንጫ ተሳትፋ የመጣች ናት፤ ከዚሁ ምድብ ሳታልፍ ተመለሰች። ሞሮኮ ከዚህ ተነሥታ የመጀመሪያ ዋንጫዋን ወሰደች። እኒሁ ሽማግሌ በምላሽ 24 እርማቱን አመስግነው፣ እኔ ከዚህ ክር ያገኘሁትን ትልቁን ስጦታ ሰጡን፤ በናይጄሪያ ቡድን ውስጥ ገና ወጣት የነበረውን ክርስቲያን ቹኩን አይተዋል። ረጋ ያለ፣ ኳስ ሲነጥቅ የማይጮኽ፣ ነጥቆም ወደ ሰማይ የማይጠልዝ ተከላካይ ነበር ይላሉ። ያ ሰው ከአራት ዓመት በኋላ አገሩን በአምበልነት መርቶ የመጀመሪያውን የአፍሪካ ዋንጫ አስገኘላት፤ በኋላም ብሔራዊ ቡድኑን አሠለጠነ። ጉልበቱ ሲደክም ምን ይሆናል ለሚለው ጥያቄ አንዱ መልስ ይህ ነው። ሜዳውን ሁሉ ከኋላ ሆኖ ሲያይ የኖረ ሰው ለአሰልጣኝነት ቅርብ ነው።

ምላሽ 25 ይህን ሁሉ ጨዋነት አፈረሰው። ጸሐፊው የዛሬ ተከላካዮቻችን የማይረቡ እንደሆኑ ለማሳየት በጥር 2014 ዓ.ም. በካሜሩን በአፍሪካ ዋንጫ ከኬፕ ቨርዴ ጋር የተደረገውን ጨዋታ አነሣ። ያሬድ ባየህ በ12ኛው ደቂቃ በቀይ ካርድ ወጣ፣ እኛም 1 ለ 0 ተሸነፍን። እውነት ነው፤ ሆኖም የተጠቀመባቸው ቃላት ለሰው የሚነገሩ አይደሉም። ምላሽ 26 እንደሚገባው መለሰለት፤ ያው ተጫዋች ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ፋሲል ከነማ በታሪኩ የመጀመሪያውን የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ በ2013 ሲያነሣ አምበል ነበር። በሙሉ የውድድር ዘመን የተዘጋው በር ተረስቶ አንድ ጥፋት ይታወሳል። የካሜሩኑ ተከላካይ ሪጎበርት ሶንግም እ.ኤ.አ. በ1994 እና በ1998 በሁለት የዓለም ዋንጫዎች በቀይ ካርድ ወጥቷል፤ ከዚያ በኋላ ግን በ2000 እና በ2002 የአፍሪካን ዋንጫ አነሣ፣ ለአገሩም ከመቶ ሠላሳ ጊዜ በላይ ተሰለፈ። በ17 ዓመቱ ያለ ልጅ መስማት ያለበት ይህን ነው። ቀይ ካርድ ያያል፤ በራሱ በር ላይም ያገባል። ተከላካይ የሚሆነው በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሶ ሲቆም ነው።

ከከዚራ የጻፈው የሕግ ባለሙያ በምላሽ 28 ገባ፤ ለእኅቲቱ ከሁሉ የጠቀማት ይህ ይመስለኛል። በፊፋ የተጫዋቾች ዝውውር ደንብ መሠረት ዕድሜው ከ18 በታች የሆነ ተጫዋች ከሦስት ዓመት የሚበልጥ ውል ሊፈርም አይችልም፤ ስለዚህ የቀረበለት ሦስት ዓመት ጣሪያው ነው፣ ባነሰ መደራደር ይቻላል። ክለቡ የጤና ምርመራ ውጤቱ ጥሩ ካልሆነ ውሉ ፈራሽ ነው የሚል አንቀጽ ማስገባት አይችልም፤ መመርመር ያለበት ከመፈረሙ በፊት ነው። ሁለት ወር ደመወዝ ያለ አግባብ ያልተከፈለው ተጫዋች ክለቡን በጽሑፍ አስጠንቅቆ፣ 15 ቀን ሰጥቶ፣ ካልተከፈለው ውሉን በበቂ ምክንያት ማቋረጥ ይችላል። የአገር ውስጥ ውል የሚዳኘው በፌዴሬሽኑ ደንብ ስለሆነ ግን አንቀጾቹን ከዚያ ጋር ማስተያየት እንደሚያስፈልግ አስጠንቅቋል። ምላሽ 3ን የጻፈው ተጫዋች ተመልሶ ይህን በጊዜው ማንም እንዳልነገረው ጻፈ፤ በዚያች አጭር ምላሽ ከመምህሩም ጋር ታረቀ።

በመካከል አንድ ሰው ልጁ ከቤት ርቆ ገንዘብ ሲይዝ በጫትና በሌሊት እንዳይበላሽ ፈርቶ ጻፈ። ሌላው የሐረርጌ ገበሬ የሚኖረው በጫት መሆኑን አንሥቶ ተቆጣ፤ ክሩም ስለ አወዳይ የጫት ገበያ ዋጋ ወደ መነጋገር ሄደ። ኃላፊው እስኪመልሳቸው ድረስ የተጻፈውን አላነሣም። ስለ እንቅልፍና ምግብ የተነገረው ግን ቁም ነገር ነበር፤ እንቅልፍ ያጣ ተከላካይ በ80ኛው ደቂቃ አንድ እርምጃ ይዘገያል፣ ያች እርምጃም ግብ ናት።

ምላሽ 33 ከልጁ ከራሱ መጣ። እኅቱ ስለ እርሱ በሕዝብ ፊት መጻፏ አሳፍሮታል፤ ዕድሉ አንድ ጊዜ ብቻ እንደሚመጣ፣ ሁሉም ተቀምጦ ሲመክር ሌላ ልጅ ቦታውን እንደሚይዝበት በቁጣ ጽፏል። ቀኝ መስመሩንም አልፈለገውም። እዚህ ላይ ብዙዎች ሊገሥጹት ይችሉ ነበር፤ አልገሠጹትም። ምላሽ 34 እንደ ታላቅ ወንድም አንተ እያለ ስለ ቫን ዳይክ አጫወተው። ቫን ዳይክ በኔዘርላንዱ ክለብ በዊለም 2 የወጣት ቡድን ውስጥ የቀኝ መስመር ተከላካይ ነበር፤ በብሬዳ ምግብ ቤት ሣህን እያጠበ ይጫወት ነበር፤ በ17 ዓመቱ አካባቢ ቁመቱ በድንገት መዘዘና መሃል ገባ። ከዚያም ወደ ግሮኒንገን፣ ወደ ሴልቲክ፣ ወደ ሳውዝሃምፕተን ሄዶ እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ሊቨርፑል በ75 ሚሊዮን ፓውንድ ወሰደው። በ17 ዓመት የሚለካ ቁመት የመጨረሻው ቁመት ላይሆን ይችላል፤ በመስመር የተማረው ኳስ የመያዝ ችሎታም መሃል ሲገባ ጠቅሞታል። ምላሽ 35 ከሐረር የጻፈው የቅድሙ ተከራካሪ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1992 ወዲህ ግብ ጠባቂ ከጓደኛው እግር የመጣለትን ኳስ በእጁ መያዝ ስለተከለከለ ተከላካይ ኳስ መጫወት ግዴታው እንደሆነ፣ በዚህ ረገድ የድሬ ልጆች የተሻሉ መሆናቸውን አምኖ ልጁን አበረታታው። ድሬዎች በዚህ ተደስተዋል፤ እኔም ደስ ብሎኛል።

እኅቱ በምላሽ 38 ተመለሰች። የውሉን ቅጂ ከክለቡ ጠይቃ ቆይቶም ቢሆን አግኝታለች። ስለ ሕክምና ወጪ የተጻፈ ምንም ነገር የለበትም፤ ስለ ትምህርትም የለበትም። ልጁ የሚማርበትን ትምህርት ቤት አነጋግራለች፤ በአጋማሽ ዓመት ወደ ሌላ ከተማ መዛወር እንደሚቻል፣ ግን የተቀባዩ ትምህርት ቤት ደብዳቤ እንደሚያስፈልግ ነግረዋታል። ለክለቡ የምታቀርባቸው ሦስት ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፦ ውሉ ወደ ሁለት ዓመት ይውረድ፣ በልምምድ ወይም በጨዋታ ለሚደርስ ጉዳት ቀዶ ሕክምናን ጨምሮ ክለቡ ይክፈል፣ ትምህርቱን በዚያው ከተማ እንዲቀጥል ክለቡ የትምህርት ቤት ቦታ ያስገኝለት። ልጁ በእነዚህ ተስማምቷል፤ የሕክምናውን አንቀጽ ያስገባው ራሱ እንደሆነ ጽፋለች፤ የሐረሯን እናት ምላሽ አንብቦ ነው።

ምላሽ 39 የሦስቱን ጥያቄዎች አጻጻፍ ያስተካከለው ያው የሕግ ባለሙያ ነው። በተጨማሪ ማንም ያላነሣውን አንድ ነገር ጠቅሷል። ልጁን ከ12 ዓመቱ ጀምሮ ያሠለጠነው የሠፈሩ ፕሮጀክት በፌዴሬሽኑ የተመዘገበ ከሆነ፣ ልጁ ወደፊት ውሉ ሳያልቅ ወደ ውጭ አገር ክለብ በገንዘብ ሲሸጥ ድርሻ የሚጠይቅበት መንገድ አለ፤ ከዋጋው 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። ያለ ምዝገባ ግን አንድ ሳንቲም አይደርሳቸውም። የፕሮጀክቱ አሰልጣኝ በምላሽ 40 መመዝገባቸውን እርግጠኛ እንዳልሆኑ ጽፈው፣ ሰኞ ጠዋት ወደ ከተማው እግር ኳስ ፌዴሬሽን ጽሕፈት ቤት ሲሄዱ ይዘዋቸው የሚሄዱትን ሰነዶች ጠይቀዋል። ዝርዝሩን የሚያውቅ ሰው እዚያው በሥሩ ቢጽፍላቸው ለእርሳቸውም፣ እንደ እርሳቸው በየሠፈሩ ልጆች ለሚያሠለጥኑትም ይጠቅማል።